እሳት አመድ ብቻ አይወልድም



ወሬ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ አለን። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የወጥ ቤት ሚዛን ነው። በሰፊው ብርጭቆ ውስጥ ያለው አቼቶ ነው፤ ሽታው እስከ ኋላ ሳይደርስ አይቀርም። ትንሿ ሰሃን ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ደግሞ ትናንት ማታ ቤቴ በሙቀጫ የወቀጥኩት የእንቁላል ቅርፊት ነው። ባለቤቴ ሙቀጫዋን ስለወሰድኩባት እስካሁን አኩርፋለች። ብርጭቆውንም ሰሃኑንም አንድ ላይ ሚዛኑ ላይ አስቀምጫለሁ። አንቺ፣ ቀይ ሹራብ የለበስሽው፣ ነይና ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢልን። ጎበዝ። ሁላችሁም ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ደብተር ያልያዘ መዳፉ ላይ ይጻፍ። አሁን ዱቄቱን አቼቶው ውስጥ እገለብጠውና ባዶውን ሰሃን እዚያው ሚዛኑ ላይ እመልሰዋለሁ። አያችሁ፣ አረፋው ገነፈለ። ይቆይ፤ እኛ ወደ ጨዋታችን።

«እሳት አመድ ወለደ» ይባላል። የጀግና ልጅ ፈሪ፣ የብልህ ልጅ ሞኝ ሲሆን የምንተርተው ነው። ተረቱ ለሰው ይሁን፣ አልጣላውም። ለእሳት ግን ፍርደ ገምድል ነው። የተረተው ሰው ማታ አንድ ሸክም እንጨት ነድዶ ጠዋት ምድጃው ውስጥ አንድ እፍኝ አመድ አገኘና ያየውን ተናገረ። ያላየውን አልቆጠረም። የእሳት ልጆች ብዙ ናቸው፤ አመዱ ቤት የቀረው ነው። የቀሩት ሌሊቱን በጣሪያው፣ በበሩ ስንጥቅ፣ በመስኮቱ ወጥተው ሄደዋል። ከአመዱ በብዙ እጥፍ ይከብዳሉ፤ ግን በዓይን አይታዩም። እኔ ዛሬ የመጣሁት እነዚያን የወጡትን ልጆች እንዴት እንደምንቆጥር ላሳያችሁ ነው። ክፍል ውስጥ «ኢኩዌሽን ባላንስ አድርጉ» ስትባሉ የምትሠሩት ሥራ እሱ ነው። ማንም አልነገራችሁም እንጂ።

መጀመሪያ ግን፣ ልጅ መወለዱን በምን እናውቃለን? የአማርኛ መጻሕፍቱ «ኬሚካዊ አፀግብሮት» ይሉታል፤ እናንተ «ሪአክሽን» ትላላችሁ። የትኛውንም በሉት፤ ነገሩ አንድ ነው፤ የነበረው ነገር ቀርቶ ሌላ ነገር ሲገኝ ማለት ነው። ክፍል ገብቼ «ምልክቶቹን ንገሩኝ» ስል ልጆች እንደ ዳዊት ደጋሚ ያንበለብሉልኛል፦ ቀለም መለወጥ፣ ጋዝ መውጣት፣ ዝቃጭ መፈጠር፣ ሙቀት ወይም ብርሃን፣ አዲስ ሽታ። ደህና። አምስቱም ትክክል ናቸው። አምስቱም ደግሞ ሊዋሹ ይችላሉ።

የአምቦ ውሃ ክዳኑን ስትከፍቱ አረፋው ይንተከተካል። ጋዙ በዚያች ደቂቃ የተፈጠረ ይመስላችኋል? አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ተጨንቆ የተቀመጠ ጋዝ በር ሲከፈትለት ወጣ፣ በቃ። የሚፈላ ውሃም አረፋ አለው፤ አረፋው ያው ውሃ ነው። ቀይ ሥር ስትቀቅሉ ውሃው ደም ይመስላል፤ ማቅለሚያው ከሥሩ ወደ ውሃው ተሻገረ እንጂ አዲስ ቀለም አልተወለደም። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እስኪያበስል ይግላል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ሲቀዘቅዝ ያው የትናንቱ ሽቦ ነው። እንጀራው ላይ የሚሆነው ሌላ ታሪክ ነው። የሽቶ ጠርሙስ ሲከፈት ቤቱ ይታወዳል፤ ያም ቢሆን ሽቶው ተነነ እንጂ አልተለወጠም።

ስለዚህ ምልክቶቹን እንደ ምስክር ያዟቸው። ምስክር ፍርድ አይሰጥም። አንድ ምስክር ቢመጣ ጠርጥሩ፣ ሁለት ሦስት ሲሆኑ ጆሯችሁን ስጡ፤ ከዚያ ዳኛው የሚጠይቀውን አንዱን ጥያቄ ጠይቁ፦ አሁን ያለው ነገር ከቅድሙ የተለየ ጠባይ ያለው፣ ሌላ ነገር ነው ወይስ ያው ነው?

እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ጥቂት ልጣላ። ብዙዎቻችን «ፊዚካዊ ለውጥ ይመለሳል፣ ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም» ብለን እናስተምራለን። ለፈተና ትመቻለች። እኔም ለዓመታት አስተምሬያታለሁ። ጨውን ውሃ ውስጥ ብታሟሙት ውሃው ሲተን ጨዉ ይመለሳል፤ የአፍዴራ ጨው የሚሰበሰበው እንደዚሁ ነው፣ ፀሐይ ውሃውን እያተነነችለት። እስከዚህ ድረስ ሕጓ ትሠራለች። ጎንደር ስትደርስ ግን ትሰበራለች።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። የግንቦቹን ድንጋዮች እርስ በርስ ያያያዛቸው ኖራ ነው። ኖራ እንዴት ይሠራል? የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይቃጠላል። ንጹሕ ከሆነ ከ100 ኪሎ ድንጋይ የሚገኘው ጥሬ ኖራ 56 ኪሎ ብቻ ነው። ባለሙያው አልተሰረቀም፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ሄዷል። እዚህም እሳቱ የማይታይ ልጅ ወልዷል ማለት ነው። ከዚያ ጥሬው ኖራ ላይ ውሃ ይፈስበታል፤ ያለ እሳት ይፈላል፣ ይጤሳል፣ እጅ ያቃጥላል። አባቶች «ኖራውን ማብረድ» የሚሉት ይህንኑ ነው። የበረደው ኖራ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግንቡ ውስጥ ይገባል። ሥራው ግን አላለቀም። ኖራው በዓመታት ውስጥ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በጥቂት በጥቂቱ እየወሰደ፣ ውሃውን እየለቀቀ፣ መልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። በእሳት የተባረረው ጋዝ፣ ያው ራሱ ባይሆንም ዓይነቱ፣ ተመልሶ ቤቱ ገባ። ሦስት ለውጦች፣ ሦስቱም ኬሚካዊ፣ መጨረሻው መጀመሪያው። «ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም» የምትለውን ሕግ የፋሲል ግንብ ላይ ለጥፋችሁ ለቱሪስት ማስነበብ አትችሉም። «ብዙውን ጊዜ በቀላሉ አይመለስም» ብትሉ እስማማለሁ። ፈተና ላይ ከመጣችባችሁ ግን መምህራችሁ የሚፈልገውን መልሱ፤ ጠቡ የእኔና የእሱ ነው።

የእንቁላል ቅርፊትም፣ አንርሳ፣ አብዛኛው የተሠራው ከዚያው ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ከሆነ ነገር ነው። ዶሮ እሳት ሳትነካ ትሠራዋለች። ብርጭቆው ውስጥ እየተንሾካሾከ ያለው እንግዲህ የግንቡ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው። «ምንም አይጠፋም፣ ምንም ከባዶ አይመጣም» የሚለውን ነገር በሚዛን ያጸኑት ፈረንሳዊው አንቷን ላቮዚዬ ናቸው፤ ከ1743 እስከ 1794 እ.ኤ.አ. የኖሩ ሰው። የሙሉ ጊዜ ሳይንቲስት እንዳይመስሏችሁ። እንጀራቸው ቀረጥ መሰብሰብ ነበር፤ ለንጉሡ ቀረጥ የሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ገቢና ወጪው ካልገጠመ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ታውቃላችሁ? ያንን ዓመል ይዘው ነው ኬሚስትሪ ውስጥ የገቡት። በ1774 እ.ኤ.አ. ቲን በሚባለው ነጭ ብረት ላይ የሠሩትን ስሙ። ያን ጊዜ ብረታ ብረት ሲቃጠል ክብደቱ እንደሚጨምር ይታወቅ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ክርክር ነበር። ከእሳቱ ራሱ ነው የሚሉም ነበሩ። ላቮዚዬ ብረቱን ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከተው አፉን በእሳት አቅልጠው ዘጉት፤ መዘኑት፤ አቃጠሉት፤ መልሰው መዘኑት። ክብደቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እሳት የጨመረው ነገር የለም። ከዚያ አፉን ሲሰብሩት ከውጭ አየር ፉጨት እያሰማ ገባ፤ ክብደቱም ያኔ ጨመረ። ብረቱ የበላው አየር ነበር፤ የበላው ባዶ ቦታ ትቶ ነበርና ሌላ አየር ሊተካው ገባ።

ባለቤታቸው ማሪ አን የሙከራ ዕቃዎቹን በሥዕል ይነድፉ፣ እንግሊዝ አገር የታተመውን የኬሚስትሪ ጽሑፍ ይተረጉሙላቸው ነበር። በ1789 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቮዚዬ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች የእሳቸው እጅ ናቸው። ላቮዚዬ ግን በአብዮቱ ዘመን፣ በግንቦት ወር 1794 እ.ኤ.አ.፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበርክ ተብለው አንገታቸው ተቀላ። በኬሚስትሪያቸው አይደለም፤ ይህንን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል።

የእሳቸውን ሙከራ እኔ በወጣትነቴ በርካሽ ልድገም ብዬ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ጠርሙስ ውስጥ አቼቶ ጨመርኩ፤ ፊኛ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩና የፊኛውን አፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ አጠለቅሁት። መዘንኩ። ከዚያ ፊኛውን ቀና ሳደርገው ሶዳው ወደ አቼቶው ወረደ፣ ፈላ፣ ፊኛው ተነፋ። «አሁን ምንም ስላልወጣ ሚዛኑ አይንቀሳቀስም» ብዬ በልበ ሙሉነት አወጅኩ። ሚዛኑ ወደ ሁለት ግራም ገደማ ቀነሰ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «መምህር፣ ላቮዚዬ ተሳሳቱ ማለት ነው?» አለኝ። ፊኛው ይተነፍሳል ብዬ አመካኘሁ። ዋሸሁ፤ ቢያንስ የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ተናገርኩ።

መልሱን ያገኘሁት ቤቴ ሄጄ ሌሊት ነው። ቡሽ ውሃ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ የተነፋ ፊኛም አየር ውስጥ ትንሽ ይንሳፈፋል። አየር ክብደት አለው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አንድ ሊትር አየር ከአንድ ግራም ጥቂት ያንሳል። ሁለት ሊትር የተነፋ ፊኛ ሁለት ሊትር አየር ገፍቶ ስለሚቀመጥ አየሩ ወደ ሁለት ግራም ያህል ወደ ላይ ይደግፈዋል። ከውስጡ ምንም አልወጣም፤ ሚዛኑ ነው የተታለለው። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩና ነገሩን በጠርሙስ አሳየኋቸው። እናንተም ቤት ውስጥ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ሞክሩት፦ ሊትር ተኩል በሚይዝ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሩብ ብርጭቆ አቼቶ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሶፍት ጠቅልላችሁ ወደ ውስጥ፤ ክዳኑን ቶሎ ጥርቅም። ከዚህ መጠን አትለፉ፣ በብርጭቆ ጠርሙስም እንዳትሞክሩ። ጠርሙሱ ቅርጹን ስለማይለውጥ ሚዛኑም አይታለልም፤ ፈልቶ ሲያበቃ ቁጥሩ ያው ነው። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ፈታ ስታደርጉት «ጭስስ» ይላል፤ ያኔ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሚዛናችሁ ከግራም በታች የሚለይ ከሆነ በደንብ ታዩታላችሁ። የወረደው ያ የማይታየው ልጅ ነው።

አቶሞቹን ደግሞ በዚህ ከረጢት ይዤ መጥቻለሁ። አዎ፣ ቆርኪ ነው። እናንተ ትጫወቱበታላችሁ፣ እኔ ደግሞ አስተምርበታለሁ። ጥቁር የቀባኋቸው ካርቦን ናቸው፣ ቀዮቹ ኦክስጅን፣ ነጮቹ ሃይድሮጅን። በማስቲሽ የተጣበቁት አንድ ሞሌኪውል ናቸው። ኦክስጅን፣ አስተውሉ፣ አየር ውስጥ ብቻውን አይዞርም፤ ሁለት ቀይ ተጣብቀው ነው የሚሄዱት። ይህችን ካልያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

የዛሬው ዋና ታሪኬ የከሰል ነው፤ ወላጆችም ስሙኝ።

ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። በቂ አየር ካገኘ አንድ ጥቁር ከአንድ ጥንድ ቀይ ጋር ይገናኝና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በግራ አንድ ጥቁር ሁለት ቀይ፣ በቀኝ አንድ ጥቁር ሁለት ቀይ። ሒሳቡ ገጠመ። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን በልቶ 44 ግራም ጋዝ ይሰጣል፤ የማይታየው ልጅ ከአባቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። አየር ካነሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይወለዳል። አንድ ጥቁር ከአንድ ቀይ ጋር ብቻ የተጣበቀበት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ።

ይህንን ኢኩዌሽን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አንድ ልጅ ባላንስ እንዲያደርገው ጠራሁት። በግራ ካርቦን ሲደመር ኦክስጅን፣ በቀኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቆጠረ፤ በግራ ሁለት ቀይ፣ በቀኝ አንድ ቀይ። አንድ ቀይ ጎደለ። ጠመኔውን ይዞ አሰበና በቀኝ በኩል ከኦክስጅን ፊደል እግር ስር ትንሽ «2» ጻፈ። ዞሮ «ገጠመ፣ መምህር!» አለ። ገጥሟል፣ ቆጠራው ልክ ነው። ግን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ካርቦን ሞኖክሳይዱን ሰርዞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አደረገው። ዳይኦክሳይዱ እያንዳንዳችን አሁን የምናወጣው ትንፋሽ ውስጥ አለ። ሞኖክሳይዱ ግን ቤት ዘግቶ የተኛን ሰው ሳያነቃው የሚገድል ነው። ልጁ ሒሳቡን ለማስማማት ሲል የሟቹን አስከሬን ከቤቱ አስወጥቶ ጤነኛ ሰው አስተኛ።

ከእግር ስር ያለችው ትንሽ ቁጥር የነገሩ መታወቂያ ናት። መታወቂያ አይፋቅም፣ አይጨመርበትም፤ ከተነካ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። እንድትጽፉ የተፈቀደላችሁ ከፊት የሚቆመውን ትልቅ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ «ስንት ናቸው?» ለሚለው ነው የሚመልሰው፣ «ማን ናቸው?» የሚለውን አይነካም። ስለዚህ አንዱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሁለት አድርጉት። አሁን በቀኝ ሁለት ጥቁር ሁለት ቀይ ሆነ። ቀዩ ገጠመ፣ ጥቁሩ በግራ አንድ አነሰ፤ በግራ ካርቦኑን ሁለት አድርጉት። ሁለት ካርቦን፣ አንድ ጥንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ። አለቀ። ማንም ሌላ ሰው አልሆነም።

ከቆጠራው ጋር የሚሄደውን ነገር ልጨምር፤ በክረምት ምሽት ሕይወት ያተርፋልና። ሰው ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ፍም ሆኗል፣ ይግባ» ይላል። ጭሱ ነበር ያስፈራው። የሚገድለው ግን ጭስ አይደለም፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ደግሞም ፍም ከሆነ ከሰል ይወጣል። ማንደጃው ውስጥ እንዲህ ይሆናል፦ ከታች አየር የሚያገኘው ከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል፤ ያ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ፍም መሃል ያልፋል፤ እዚያ አንድ ጥቁር ይጨመርበትና ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። በቆርኪ ሞክሩት፤ አንድ ለአንድ ገብቶ ሁለት ሲወጣ ሒሳቡ ራሱ ይገጥማል። ከፍሙ በላይ አንዳንድ ጊዜ የምታዩት ሰማያዊ ነበልባል ያ ጋዝ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው። ያልነደደው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ትንሹም ይበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ በር ከፍቶ መውጣት ነው፤ «ደክሞኝ ነው፣ ልተኛ» ማለት አይደለም። ልጆች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ይህንን ለማን እንደምትነግሩ ታውቃላችሁ።

አሁን ትንሽ ከበድ ያለውን። ሲሊንደር ውስጥ ያለው የቤታችን ጋዝ የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው፤ ቡቴንን ብቻ እንውሰድ። አንድ ሞሌኪውሉ አራት ጥቁርና አሥር ነጭ አለው። ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣል። ውሃው የታለ ትሉኝ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ድስት ስትጥዱ ታቹ ለጥቂት ጊዜ ላብ ያወጣል፣ አይታችኋል? እሱ ነው፤ ከእሳት የተወለደ ውሃ።

በየት ልጀምር? ከሌላ ዓይነት አቶም ጋር ባልተጣበቀው ነገር አትጀምሩ። ኦክስጅንን ለመጨረሻ አቆዩት፤ እሱን ስትቀይሩ ሌላ ማንም አይነካምና ሒሳብ መዝጊያ ይሆናችኋል። መጀመሪያ ካርቦን፦ አራት ስለሆነ አራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ቀጥሎ ሃይድሮጅን፦ አሥር ነው፣ አንድ ውሃ ሁለት ይይዛል፣ ስለዚህ አምስት ውሃ። አሁን በቀኝ ያለውን ኦክስጅን ደምሩ። አራቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስምንት፣ አምስቱ ውሃ አምስት፣ በድምሩ 13። እዚህ ላይ ነው ልጆች የሚያለቅሱት። 13 ጎዶሎ ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ ጥንድ ጥንድ እንጂ አይመጣም። ስድስት ጥንድ ተኩል? ግማሽ ጥንድ ከየት ይመጣል? አታልቅሱ፣ አትሰርዙም። የገነባችሁትን ሁሉ በሁለት አባዙት። ሁለት ቡቴን፣ 13 ጥንድ ኦክስጅን፣ ስምንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሥር ውሃ። በግራ 26 ቀይ፤ በቀኝ ከጋዙ 16፣ ከውሃው 10፣ በድምሩ 26። ይህ በልጅነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥምልኝ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አስታውሳለሁ። ለሁለት የጋዝ ሞሌኪውል 13 ጥንድ ኦክስጅን! ምድጃችሁ ይህን ያህል አየር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ሲቀባው አየሩ አንሶት ካርቦኑ ሳይነድ እየቀረ ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር በአጭሩ ላንሳ። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ከአሞኒያ የሚሠራ ነው፤ አሞኒያውን ደግሞ ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን መሥራት የተቻለው በ1909 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ባሳዩት መንገድ ነው። አንድ ጥንድ ናይትሮጅን፣ ሦስት ጥንድ ሃይድሮጅን፣ ሁለት አሞኒያ። ልጆች «አራት ገብቶ ሁለት ወጣ፤ አልገጠመም» ይሉኛል። ገጥሟል። እኛ ሞሌኪውል አንቆጥርም፣ አቶም እንቆጥራለን። አራት ቤት የነበሩ ስምንት ሰዎች ሁለት ቤት ተጠጋግተው ቢገቡ ሰዎቹ አልጠፉም፤ የጠፋው ቤት ነው።

ባልደረቦቼ፣ አንድ ቃል ለእናንተ። ሃያ ኢኩዌሽን በአንድ ገጽ ጽፈን «ለነገ ሠርታችሁ ኑ» ስንል ልጁ ቁጥር ማጫወት ይማራል፤ የሚጫወትበት ነገር ድንጋይ ይሁን ጋዝ፣ ይግደል ያብስል አያውቅም። ለዚህ ነው ከእግር ስር ያለችውን ቁጥር በድፍረት የሚነካት። ሃያውን ሁለት አድርገን፣ ሁለቱን ግን ዓይኑ እያየ ቢሠራቸው እመርጣለሁ። «ብረት ለምን በኤፍ ኢ ይጻፋል?» ብሎ የሚጠይቃችሁም ካለ አትቆጡት፤ ፊደላቱን በ1813 እ.ኤ.አ. ገደማ የደነገጉት ስዊድናዊው በርዜሊየስ ከላቲን ስሞች ስለወሰዷቸው ነው፤ ብረት በላቲን ፌሩም ነውና።

ብርጭቆው ጸጥ ብሏል። ቅድም ያነበብሽልን ልጅ፣ ተመለሺና አሁን ያለውን ቁጥር አንብቢልን። ሁላችሁም ከመዳፋችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው አንድ ካልሲየም፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ኦክስጅን ነው፤ የአቼቶው አሲድ ሁለት ካርቦን፣ አራት ሃይድሮጅንና ሁለት ኦክስጅን። የሚወጣው ካልሲየም አሲቴት አንድ ካልሲየም፣ አራት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አራት ኦክስጅን ነው፤ ሌላ ውሃ አለ፤ ሌላም አንድ አለ፣ እሱን አልነግራችሁም። ለካልሲየም አረንጓዴ ቆርኪ ጨምሬላችኋለሁ። ከፊት የሚቆም አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌዋለሁ፤ የፊተኛው ረድፍ ይነሣና ይምጣ።